በቦረቦሩ ዳር ያለው ጦቢያ

ወልቂጤ፣ መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? ጆሮዎን አልጠይቅም፤ ስለ እሱ ጠይቄ ደግ ወሬ ሰምቼ አላውቅም። እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ለመውሊድ እመጣለሁ ብዬ መቅረቴ ግን እስካሁን ያሳፍረኛል። ሹፌሩ ሸረፋ የሚኒባሱን የፊት ወንበር ይዞልኝ መናኸሪያ ሲጠብቀኝ እንደነበር ነግሮኛል። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የምናረባቸው ቢራቢሮዎች የሚፈለፈሉበት ሳምንት ነበርና ጥያቸው መውጣት አልቻልኩም። ቢቆጡኝ እውነትዎን ነው።

ስለ ቢራቢሮዋ ለጠየቁኝ መልሱ አዎ ነው። የእሷ ትል ከጦቢያ ሌላ ቅጠል አይበላም። እናቲቱ ያገኘችውን አበባ ሁሉ ትቀስማለች፤ እንቁላሏን የምትጥለው ግን ጦቢያን በመሰለ ወተታም ቁጥቋጦና በዘመዶቹ ላይ ብቻ ነው። ትሉ ሲፈለፈል ሌላ ቅጠል ቢያቀርቡለት በረሃብ ይሞታል እንጂ አይቀምሰውም። የጦቢያው ወተት መርዝ ነው፤ ትሉ መርዙን ጠጥቶ ያድጋል፤ ክንፍ ካወጣም በኋላ መርዙ በሰውነቱ ስለሚቀር ወፍ አይደፍረውም። መጽሐፉ የአፍሪካ ሞናርክ ይላታል። ሞናርክ ማለት ንጉሥ ማለት ነው። እኛ አገር ግን ስም እንኳ ያወጣላት የለም፤ ብርቱካንማዋ ቢራቢሮ ነው የምንላት።

አሁን ወደ ልመናዬ ልግባ። ከቡታጅራ እስከ ቆሼ በዞርኩባቸው ሁለት ዓመታት ጦቢያ ያየሁበት አጥር ሁሉ ተመንጥሯል። የቀረው ደህና ረድፍ በእርስዎና በጋሽ ዑመይር ማሳ መካከል፣ በቦረቦሩ ዳር ያለው ነው። ጋሽ ዑመይር ሊያስመነጥረው እንዳሰበ ጽፈውልኛል። የወረዳው ግብርና ሰዎች ረድፉ እንዲከለል ፈቃደኛ መሆናቸውን እስክጠይቅ ድረስ እባክዎ ይጠብቁልኝ። ይህን በስልክ ብነግርዎ በወደድኩ፤ ድምፅ አይሰሙም፣ የስልክን ጽሑፍ ደግሞ የጉንዳን ሰልፍ ነው ብለው ተሳደቡ። ስለዚህ ይኸው በሸረፋ እጅ።

አደራ ሰጥቼዎታለሁ፣ አባዬ።

ልጅዎ ሳቢሪን


እንሴኖ፣ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳቢሪን፣

ወአለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጉልበቴ ከእኔ ጋር ነው፤ ቁልቁለት ላይ ብቻ አንስማማም። ስለ መውሊድ ይቅር ብዬሻለሁ፤ ሸረፋ ግን ገና ነው፣ ያንን ወንበር ለሌላ ሰው ሸጬው ቢሆን ኖሮ እያለ ነው።

ዑመይርን አነጋገርኩት። እንዴት እንደምንነጋገር ታውቂያለሽ፤ እሱ ደህነኛው ጆሮዬ ላይ ተደፍቶ ይጮኻል፣ እኔ ደግሞ የራሴን ድምፅ ስለማልሰማ ሳላስበው ከእሱ በላይ እጮኻለሁ። መንገደኛ ሁሉ ተጣሉ ብሎ ይቆማል።

«ያ ትል ወደ በርበሬዬ ይሻገራል!» አለኝ።

«ልጄ አይሻገርም ብላለች» አልኩት።

«ልጅህ በርበሬ ተክላ ታውቃለች?»

«አንተስ ትል ሆነህ ታውቃለህ?»

ሳቀ። እሱ ከሳቀ ነገሩ ግማሹ አለቀ ማለት ነው። በርበሬው ተለቅሞ እስኪያልቅ ጦቢያውን ላይነካ ቃል ገባልኝ። በአንድ ነገር ብቻ ድርቅ አለ፤ ወደ ማሳው የተጋደሙት ቅርንጫፎች በርበሬውን ጥላ አልብሰውታልና ይቆረጡ ይላል። እውነቱን ነው፣ አይቼዋለሁ። ማን ይቁረጠው ስንባባል፣ እኔ እቆርጠዋለሁ አልኩ። በእሱ እጅ ከገባ ቅርንጫፍና ግንድ መለየቱን እጠራጠራለሁ። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ እወጣለሁ።

ዛሬ ጠዋት ረድፉን ዞሬ አየሁ። ትሎቹ ጥቁርና ነጭ፣ መሐል መሐሉን ቢጫ፣ ራሳቸውም ላይ ጅራታቸውም ላይ ቀንድ። አንዱን የቅጠል ጠርዝ ሲቆርጥ አየሁት፤ ልክ ልብስ ሰፊ መቀሱን እንደሚነዳ። ጦቢያን የሚያህል ስም ይዞ አረም መባሉ ያሳዝነኛል።

አባትሽ ሙሀመድሰይድ


ወልቂጤ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ደብዳቤዎን ትናንት ሸረፋ ሲሰጠኝ መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩት። የጋሽ ዑመይርን ነገር ለጓደኞቼ አነበብኩላቸውና «አንተስ ትል ሆነህ ታውቃለህ» ቢሮው ውስጥ ተረት ሆኗል። ጋሽ ዑመይርን ያመስግኑልኝ።

አንድ ነገር ግን ልብዎ ይግባ። ቅርንጫፉን ካልቆረጡ ይቆዩ፤ ሲቆርጡም ቅርንጫፉን ከፊትዎ አርቀው፣ ነፋሱን በጀርባዎ አድርገው ይሁን። ወተቱ ዐይን ውስጥ ከገባ ክፉ ነው። ክፋቱም ስለማያቃጥል ነው፤ ሰው ምንም አልሆንኩም ብሎ ይተወዋል፣ ዐይኑ ግን ውስጥ ለውስጥ ይጎዳል። በነካው እጅዎ ላብዎን እንኳ እንዳይጠርጉ። ከነካዎ ወዲያው ብዙ ውኃ አፍስሰው በዚያው ቀን ቡታጅራ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ይህን ባለፈው መጻፍ ነበረብኝ፤ ቅርንጫፍ መቁረጥ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

እንደደረሰዎ አንድ መስመር ይጻፉልኝ።

ሳቢሪን


እንሴኖ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳቢሪን፣

ወአለይኩሙ ሰላም። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ። ጽሕፈቱ እንግዳ ሆኖብሽ እንዳትደነግጪ። አውራ ጣቴን ማጭድ ነካ አድርጎኝ ብዕር መያዝ አቃተኝ፤ የምለውን የምትጽፍልኝ ሳሌሃ ናት፣ የዑመይር ልጅ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ እስክትመደብ ቤት ናት። ጽሕፈቷ ከእኔ ያምራል፤ አስተምሬያት ስለነበር ምስጋናውን ለራሴ እወስዳለሁ።

ማስጠንቀቂያሽ ደርሶኛል። ቅርንጫፉ ተቆርጧል፣ ዑመይር ተደስቷል፣ ጦቢያው ደህና ነው። ቢራቢሮዎቹም ደህና ናቸው።

በርበሬ ለቀማው ተጀምሯል። የሳሌሃ እናት ምግብ ታመላልስልኛለች። ስለ ጣቴ አታስቢ፣ ጣት ይድናል።

ሥራሽን በርቺ። አሁን መምጣት አያስፈልግሽም።

አባትሽ


ወልቂጤ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት፤ አጭር ስለሆነ አይደለም። አምና ስለ አንዲት ሙሽሬ ሙሉ ገጽ ጽፈውልኝ ነበር፤ ትሉ ራሱን ጠቅልሎ የሚንጠለጠልባትን ያቺን ትንሽ ከረጢት፣ ወገቧ ላይ የወርቅ ነጥብ እንዳለባት፣ ወርቅ ሠሪ ሊሠራው እንደማይችል። ዘንድሮ ግን «ደህና ናቸው» ብቻ። ጣቱ የተቆረጠ ሰው ያየውን ከመናገር ምን ያግደዋል?

ሸረፋን ጠየቅሁት። የሚኒባሱን ጎማ በእግሩ እየመታ፣ «ደህና ናቸው» አለኝ። የእርስዎኑ ቃል። ሸረፋ ከመቼ ወዲህ ነው በሁለት ቃል የሚያወራው?

አባዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። አሁን ጦቢያው ላይ ያሉት ሙሽሬዎች አረንጓዴ ናቸው ወይስ ሮዝ? ካልተቸገሩ ደግሞ በግራ እጅዎ ስምዎን ጽፈው ይላኩልኝ፤ ቢጣመምም ግድ የለኝም።

ይቅርታ፣ እንደ መርማሪ ሆንኩብዎ። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ሳቢሪን


እንሴኖ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳቢሪን፣

ወአለይኩሙ ሰላም። ሙሽሬዎቹ አረንጓዴም አሉ፣ ሮዝም አሉ። ስሜን በግራ እጄ ጻፍ ላልሽው፣ ሠላሳ ዓመት በመምህርነት ግራ እጃቸውን የሚጠቀሙ ልጆችን ስቆጣ ኖሬ አሁን በስተርጅና እኔው ልጀምረው? ሸረፋ ያላወራው ጥርሱን አሞት ነው።

አትምጪ። የወረዳው ሰዎች መልስ ሳይሰጡሽ ሥራሽን ጥለሽ አትምጪ።

አባትሽ

እህቴ ሳቢሪን፣ ከዚህ በታች ያለውን አባባ ጻፊ አላሉኝም፣ እኔ ሳሌሃ ነኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አማናቸውን፣ የሰጡኝን አደራ፣ መብላቴ ነው።

ጣታቸው ምንም አልሆነም። ዐይናቸው ነው። ቅርንጫፉን የቆረጡ ቀን ነፋስ ነበረ። እኔ ከማሳችን በርበሬ እያረምኩ አያቸው ነበር። ላባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ፣ ደግመው ጠረጉ። አላመማቸውም። በማግስቱ ጠዋት ከቤት ወጥተው «ዛሬ ጉሙ ከባድ ነው» አሉኝ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

ማስጠንቀቂያሽ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ማንበብ ስላቃታቸው እኔ አነበብኩላቸው። ጆሯቸው ላይ ካልጮኽኩ አይሰሙም፣ ከጮኽኩ ደግሞ መንደሩ በሙሉ ይሰማል። ስለዚህ መዳፋቸው ላይ በጣቴ ፊደል በፊደል እየጻፍኩ ነው ያነበብኩላቸው። አሁንም የምናወራው በዚሁ ነው። «ወተት» የሚለው ላይ ስደርስ መዳፋቸውን ከነጣቴ ጨበጡት፤ ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። ከዚያ «ቀጥዪ» አሉኝ።

ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ለምኛቸዋለሁ። ቡታጅራ ከሄድኩ ሸረፋ ያያል፣ ሸረፋ ካየ ልጄ ትሰማለች አሉ። ሸረፋ ግን ራሱ መጥቶ አያቸው፤ እሱንም አስማሉት። «ለምን ይደብቋታል?» ስላቸው፣ «ከሰማች ጦቢያውን ራሷ ታስነቅለዋለች» አሉኝ። አባቴም ምክንያቱን አያውቅም፤ የሞራ ግርዶሽ ነው ብለውታል። ቅርንጫፉ ይቆረጥ ያለው እሱ ስለሆነ እንዳይሰማ ይፈልጋሉ። እኔ በቤቴ ለአባቴ እዋሻለሁ፣ እዚህ ደግሞ ላንቺ። ደክሞኛል።

የሰው ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። ነይና ውሰጃቸው።

ሳሌሃ


ወልቂጤ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሳሌሃ ይህን መዳፍዎ ላይ ስትጽፍልዎ እጅዎን እንዳይነጥቋት። ከሐኪም ቤት መልሼዎ ሳልሰናበትዎ መሄዴን አውቃለሁ። ከዚያ በላይ ብቆይ የባሰ ነገር እናገር ነበር።

ቡታጅራ ሐኪሞቹ ያሉትን እዚያው አልነገርኩዎትም፤ ጆሮዎ ላይ መጮህ አቃተኝ። አሁን ልንገርዎ። ግራ ዐይንዎ ጠብታውን በሰዓቱ ካደረጉ ይሻለዋል፤ ምን ያህል እንደሚሻለው አያውቁም። ቀኙ ጠባሳ ይዟል። ሐኪሟ በዚያው ሳምንት ቢመጡ ኖሮ አለችና መጨረስ ተወችው። እኔ ግን በየቀኑ እጨርሰዋለሁ።

ደጃፍዎ ላይ የተናገርኩትን አላነሳውም። ጋሽ ዑመይር መቆሙን አላየሁም ነበር። «ይህ ወተት ነው አባቴን ያሳወረው፣ ይህን የተረገመ ተክል ከሥሩ ንቀሉት» ብዬ ስጮኽ ከኋላዬ ነበር። ዞር ስል ፊቱ ዐመድ መስሏል። «የቱ ወተት?» ብቻ ነው ያለኝ። ወደ ሸረፋ መኪና ገባሁ። በመንገዱ ሁሉ ያ ጥያቄው ከጆሮዬ አልወጣም።

ቃሌን ግን አልመልስም። ይነቀል። ለወረዳው ያስገባሁትን ጥያቄ አንስቼዋለሁ። ቢራቢሮዋ ሌላ ቦታ ትፈልግ። እኔ ነኝ ይጠብቁልኝ ያልኩት፤ አሁን ደግሞ እኔው ይብቃ እላለሁ። ወልቂጤ መጥተው ከእኔ ጋር ይኑሩ። አንድ ክፍል አለኝ፣ ለሁለታችን ይበቃል።

ጠብታውን እንዳይረሱ። ሳሌሃ፣ አደራሽን።

ሳቢሪን


እንሴኖ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሳቢሪን፣

ወአለይኩሙ ሰላም። ይህን የምትጽፈው ሳሌሃ ናት፤ አንዳች ቃል እንዳትቀንስ በቁርኣን አስምያታለሁ። ስታነቢ ብትናደጂ በእኔ ተናደጂ።

አንቺ በሄድሽ በማግስቱ ዑመይር ገጀራ ይዞ ወደ ቦረቦሩ ወጣ። እኔ የማየው የለም፣ የምሰማው የለም፤ ቤቴ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ሳሌሃ ገብታ መዳፌ ላይ «አባቴ እየቆረጠ ነው» ብላ ጻፈች። እጇን ይዤ ሮጥኩ። ያ ጉልበቴ ቁልቁለቱን ያን ቀን እንዴት እንደወረደው አላውቅም።

ስደርስ ግማሹን ረድፍ ጥሎታል። ገጀራውን ስለማላይ ዝም ብዬ ወደ ጥላው ሄድኩ፤ ሳሌሃ ስትጮኽ ሰምቶ ነው እጁን የመለሰው ብላኛለች። ትከሻውን ያዝኩት። ይንቀጠቀጥ ነበር። ዑመይር ሲያለቅስ ከልጅነታችን ወዲህ አላውቅም፤ አሁንም በጆሮዬ አልሰማሁትም፣ በእጄ ነው ያወቅሁት።

ጆሮዬ ላይ ተደፍቶ ጮኸ። «ቁረጥ ያልኩህ እኔ ነኝ! ዐይንህን የበላሁት እኔ ነኝ!»

«ዐይኔን የጠረግሁት በራሴ ክንድ ነው» አልኩት።

«ታዲያ ይህ እርጉም ምን ሊሠራ ይቁም?»

«አንተ ጫት ላይ ፍየል ሲመጣብህ ዱላ ታነሳለህ። ይህ እጅ የለውም። ያለው ወተት ነው።»

ገጀራውን መሬት ላይ ጣለው። ከዚያ ወዲህ ወደ ቤቴ አልመጣም። ሚስቱ ምግቡን ታመጣለች፣ እሱ ግን ደጄን ሲያልፍ መንገድ ይቀይራል አሉኝ። ዕድሜ ልኬን ከእኔ ጋር የጮኸ ሰው ዛሬ ዝም አለኝ። የዐይኔ መጥፋት ሳይሆን እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው።

አሁን ወዳንቺ ልመለስ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ጆሮዬም ከከዳኝ ወዲህ፣ ማንም ሰው አንዳች ነገር አደራ ሰጥቶኝ አያውቅም። ለቅሶ ቤት ጥግ ያስቀምጡኛል። ሽምግልና ሲቀመጡ ለክብር ይጠሩኛል፣ የተባለውን የሚነግረኝ የለም። አንቺ መስከረም ላይ «አደራ ሰጥቼዎታለሁ» ብለሽ ስትጽፊልኝ ያንን ወረቀት ኪሴ ይዤው ዞርኩ። በየጠዋቱ የምነሳበት ነገር አገኘሁ። በእርግጥ ዐይኔ ሄደ፤ ያማል፤ በየጠዋቱ ስነቃ ለአፍታ እረሳዋለሁ፣ ከዚያ ትዝ ይለኛል። ግን አደራ ሰጥተሽኝ ስታበቂ፣ ተጎዳህ ብለሽ ከእጄ ትነጥቂኛለሽ? ተጎድቼ ያስቀረሁትን?

ከረድፉ ግማሹ ቆሟል። ጥያቄሽን ለወረዳው መልሽ።

ስለ ወልቂጤ ላልሽው አሁን መልስ የለኝም።

አባትሽ ሙሀመድሰይድ


ወልቂጤ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ብዙ ጀምሬ ቀደድኩ። መጨረሻ ላይ የቀረኝ ይቅርታ ብቻ ነው። እርስዎን የምጠብቅ መስሎኝ የራሴን ጸጸት ነበር የምነቅለው። ጦቢያውን ባየሁ ቁጥር ዐይንዎን እንዳላይ።

ለወረዳው ጥያቄውን መልሼ አስገብቻለሁ። የተቀበለኝ ሰው፣ አበራ የሚባል፣ ወረቀቱን አገላብጦ «እህት፣ ባለፈው ወር ይቅር ብለሽ አልነበር?» አለኝ። ነበር አልኩት። «አሁንስ ምን ተገኘ?» አለኝ። አባቴ እምቢ አሉ አልኩት። ሳቀ፤ ግን መዘገበው። ከጥምቀት በኋላ መጥተው ያዩታል፤ ይከለላልም አይከለልም አላለኝም። ቃል ልሰጥዎ አልችልም።

የተቆረጠውን ግንድ አይንቀሉት፤ ጉቶው እርጥበት ካገኘ ያቆጠቁጣል። ማንም እንዳይነካው፣ እርስዎም ጭምር። መንካቱን እንደማይተዉ አውቃለሁና ስለ አላህ ብዬ እለምንዎታለሁ።

ለጋሽ ዑመይር ለብቻው ጽፌያለሁ። ጥፋቱ የሱ እንዳልሆነ። አላውቅም ያንብበው አያንብበው።

ሳሌሃ ሐዋሳ መመደቧን ሰማሁ። ሳሌሃ፣ እንኳን ደስ አለሽ፣ ከልቤ ነው። ግን ከዚያ ወዲያ ምን እንሆናለን፣ አባዬ? ይህን ወረቀት መዳፍዎ ላይ የሚያሰፍርልዎ ማን አለ? እኔ ብጽፍ ማን ያነብልዎታል፣ እርስዎ ቢናገሩ ማን ይጽፍልዎታል? መቼ ይመጣሉ ብዬ አልጠይቅም። ልመጣ ነው ካሉኝ ግን ሸረፋ የፊት ወንበሩን ይይዛል።

ሳቢሪን


እንሴኖ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳቢሪን፣

ወአለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሳሌሃ የፊታችን እሑድ ትሄዳለች፤ ይህ በእሷ እጅ የሚጻፍልሽ የመጨረሻው ነው። አሁን እየጻፈች አፍንጫዋን እየሳበች ነው፤ ይህንንም ጻፊው ብያታለሁ።

ግራው ዐይኔ ትንሽ ተሽሎታል። ሳሌሃ ቀይ ስትለብስ ቀይ መሆኑን አውቄያለሁ። ቀኙ እንደነበረ ነው። ጠብታውን አልረሳሁም።

ወልቂጤ እመጣለሁ። እዚህ የሚጽፍልኝም የሚያነብልኝም ከሌለኝ እንሴኖ ብቀመጥ ለማን ነው? ከአንቺ ጋር ከሆንኩ ቢያንስ መዳፌ ላይ ራስሽ ትጽፊያለሽ። ቀላል ሆኖልኝ አይደለም። ቤቱን የት እንደምረግጥ እግሬ ያውቀዋል፤ ያንቺን ክፍል ግን እንደ ሕፃን ግድግዳ እየዳሰስኩ መማሬ ነው። ትታገሺኛለሽ።

አደራውን ግን ሜዳ ላይ ጥዬው አልመጣም። ዑመይር ዘንድ ሄድኩ። እሱ ካልመጣ እኔ እሄዳለሁ ብዬ፤ በሳሌሃ እጅ ተይዤ ደጁ ቆምኩ። ደብዳቤሽ ትራሱ ሥር ነበር፤ አንብቦታል። ምን ልበልህ ብሎ ተንተባተበ። ምንም አትበለኝ፣ እኔ ልሄድ ነው፣ ጦቢያውን አንተ ጠብቀው አልኩት።

«እኔ?» አለ። «በገጀራ የፈጀሁት እኔ?»

«አንተ። ገበሬው ሁሉ አንተን ይፈራል፣ እኔን ግን ያዝንልኛል። የሚፈሩት ሰው ያስፈልገዋል።»

ከዚያ እጄን ጨብጦ ነቀነቀው። በማግስቱ የሚቀጥለው በርበሬ የሚተከልበትን መስመር ከጦቢያው ራቅ አድርጎ እንደተለመ ሳሌሃ ነገረችኝ። መድኃኒት ሲረጭም በነፋስ ወደዚያ እንዳይሄድ ጠዋት ጠዋት ሊያደርገው ነው። ገበያ ላይ «የትል እረኛ» እያሉ ይስቁበታል። ተናዷል፣ ግን አልተወም።

የወረዳው ሰዎች መጥተው አይተዋል። አበራ ያልሽው ዑመይርን አነጋግሮት ሄደ። መልሳቸውን አንቺው ትሰሚያለሽ፤ የዑመይር ግን ታውቋል።

ትናንት ከሰዓት ቦረቦሩ ዳር ይዞኝ ወጣ። ተቀመጥን። ከቆረጠው ጉቶ አንዳንዱ አቆጥቁጧል፣ ብዙው ደርቋል አለኝ። ፀሐዩ ፊቴን ይመታኛል፣ ለእኔ ሁሉም ነገር ብርሃንና ጥላ ነው። ዑመይር ድንገት ተነስቶ ጆሮዬ ላይ ተደፋ።

«መጣች!» ብሎ ጮኸ።

የቱ ጋ ናት አልኩት። ቅጠሉ ላይ ናት፣ ጅራቷን አጥፋዋለች፣ እንቁላል እየጣለች ነው አለኝ። መንገደኛ ቆሞ ሲያየን ነበር አሉ፤ ሁለት ሽማግሌ ቁጥቋጦ ፊት ሲጯጯሁ።

«ስንት ናቸው?» አልኩት።

ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ መልሶ ቀና አለ። ሊዋሸኝ እንደፈለገ ገባኝ፤ ስንት ዓመት የማውቀው ሰው ነው።

«አንዲት» አለኝ። «አንዲት ብቻ ናት፣ ሙሀመድሰይድ። አምና በዚህ ጊዜ ተቆጥረው አያልቁም ነበር። ትንሽ ናት።»

እኔ አንዲት ልጅ ብቻ የሰጠኝን ጌታ የማመሰግን ሰው ነኝ፤ አንድ ትንሽ ነው ብዬ አላውቅም አልኩት።

አባትሽ ሙሀመድሰይድ